ሞዴሉ አዲስ አበባ፣ እጅሽ ባሕር ዳር

ጥያቄ

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ባሕር ዳር፣ አባይ ማዶ ነው። አርክቴክቸር ተምሬ ከተመረቅሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ፤ አሁን አዲስ አበባ ላለ አንድ አማካሪ ድርጅት ከቤቴ ሆኜ እሠራለሁ። ሥራዬ በአብዛኛው ጂ ፕላስ 4 እና ጂ ፕላስ 7 ሕንፃዎችን በሬቪት (የሕንፃ ሞዴል መሥሪያ ፕሮግራም ነው) መሥራት፣ ዲቴይሉን በአውቶካድ መጨረስ፣ በሳምንት አንድ ሁለቴ ደግሞ በሉሚዮን ሬንደር፣ ማለትም ከሞዴሉ ፎቶ የሚመስል ምስል፣ ማውጣት ነው። ላፕቶፔ 8ኛ ትውልድ ኮር አይ5፣ ራሙ 8 ጂቢ፣ ለብቻው የሆነ ግራፊክስ ካርድ የሌለው ነው። ሬቪት ስከፍት ስታክ ያደርጋል፤ ሉሚዮንማ ጭራሽ አይነሳም። አለቃዬ ሁለት ምርጫ ሰጡኝ። አንዱ፣ ቢሮ ያለውን ባለ 64 ጂቢ ራም ዴስክቶፕ በሪሞት፣ ማለትም ከቤቴ በኢንተርኔት፣ እየገባሁ እንድሠራበት። ሌላው፣ ድርጅቱ አበድሮኝ ጠንካራ የጌም ላፕቶፕ እንድገዛና በ18 ወር ከደመወዜ እንዲቆረጥ። ወንድሜ «በዚህ ዘመን ለላፕቶፕ ዕዳ የሚገባ የለም፤ ሪሞቱ አልበቃ ካለሽ ከውጭ ክላውድ፣ በኢንተርኔት የሚገባበት ማሽን፣ እንከራይልሻለን» ይላል። እናቴ ደግሞ «በተውሶ በሬ እርሻ አይገባም፤ የራስሽን ያዢ» ትለኛለች። መልስ የምሰጠው ወሩ ከማለቁ በፊት ነው። ምን ይሻለኛል?

የአባይ ማዶዋ

መልስ

እህቴ፣ እናትሽን ሰላም በይልኝ። ስለ ኮምፒውተር ሳያውቁ ከወንድምሽ የተሻለ ተናግረዋል። ነገር ግን እሳቸውም ግማሹን ነው ያገኙት።

ወሩ ሳያልቅብሽ መልሴን አስቀድሜ ልንገርሽ። ላፕቶፕ ግዢ፤ አለቃሽ ያሰቡልሽን ውዱን ግን አይደለም። መሳሉን በራስሽ ማሽን ሥሪ፤ ሬንደሩን ለቢሮው ዴስክቶፕ ተይለት። ሁለቱን ምርጫ «ወይ ይኼ ወይ ያ» አድርገው ስላቀረቡልሽ ነው እንጂ፣ የሚጣሉ ነገሮች አይደሉም።

ሪሞት ስትገቢ ምን እንደሚሆን በደንብ እንየው። ቢሮ ያለው ኮምፒውተር የራሱን ስክሪን ልክ እንደ ቪዲዮ እየቀረጸ ይልክልሻል። ካንቺ ወደዚያ የሚሄደው የማውስሽና የኪቦርድሽ ትእዛዝ ብቻ ነው። ፋይሉ ከቦታው አይነቃነቅም፤ 400 ሜጋባይት የሆነ ሞዴል ብትከፍቺም አባይ ማዶ የሚደርሰው ሥዕሉ ነው። ስለዚህ ያንቺ ላፕቶፕ ደካማ መሆኑ አያሳስብም፤ ቪዲዮ ማሳየት ከቻለ ይበቃዋል። የሚያሳስበው ማውሱን ከነካሽበት ቅጽበት ጀምሮ ውጤቱን እስክታዪ የሚያልፈው ጊዜ ነው።

እኔ ይህን ጣና ዳር ካለ አንድ ቡና ቤት ቁጭ ብዬ፣ በስልኬ ዳታ ወደ ቢሮዬ ማሽን ገብቼ ሞክሬዋለሁ። ፊት ለፊቴ ዓሣ አጥማጆቹ የዓሣ ትራፊ ሲጥሉ ፔሊካኖቹ ይሻማሉ፤ እኔ ከአንድ ግድግዳ ጋር እታገላለሁ። ግድግዳውን ይዤ ስጎትት የማውሱ ቀስት ቀድሞ ይሄዳል፣ ግድግዳው ቆይቶ ይከተላል። ደረሰ ብዬ ስለቀው 20 ሳንቲሜትር አልፏል። ወደ ኋላ እመልሰዋለሁ፤ እንደገና ያልፋል። ሞዴሉን ላዞር ስል ደግሞ ስክሪኑ በሙሉ ትንንሽ ካሬ ሆኖ ይበታተንና ትንሽ ቆይቶ ይጠራል። ቤቴ ብሆን በሩብ ሰዓት የምጨርሰው ሥራ አንድ ሰዓት ፈጀብኝ፤ ቡናውም ቀዘቀዘ።

ከመነሳቴ በፊት ግን እዚያው ላይ ሬንደር አዘዝኩና ላፕቶፔን ዘጋሁ። ማታ ቤቴ ገብቼ ስከፍት 12 ምስል ተሠርቶ ጠበቀኝ። በመሃል ኔትወርኩ ስንት ጊዜ እንደሄደና እንደመጣ አላውቅም፤ ማወቅም አላስፈለገኝም። ማሽኑ ያለው እዚያ ነው፤ የኔ መስመር ቢቆረጥ እሱ ሥራውን አያቆምም።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። መሳል የእጅ ሥራ ነው፤ እጅና ዓይን እኩል መሄድ አለባቸው። ሬንደር ደግሞ አዝዞ መጠበቅ ነው። እጅ የሚጠይቀውን አጠገብሽ አድርጊው፤ የሚጠበቀውን ብቻ ሩቅ ላኪው።

ወንድምሽ «ርቀት ችግር አይደለም» ካለ በአንድ በኩል እውነት አለው። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በመኪና መንገድ ከ560 ኪሎ ሜትር አይርቅም ማለት ይቻላል፤ በፋይበር ውስጥ ብርሃን በሰከንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ደርሶ መልሱ 6 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው። ይህን እጅሽ አይሰማውም። የሚዘገየው በስልክ ዳታው ሞገድ ላይ፣ ምሽት ላይ ሰዉ ሁሉ ቪዲዮ ሲከፍት በሚፈጠረው ወረፋ ላይ ነው። ክላውዱን ግን ይርሳው። አውሮፓ ያለ ማሽን 5,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ኬብሉ እንደ ክር ተወጥሮ ቢዘረጋ እንኳ ደርሶ መልሱ 50 ሚሊሰከንድ ነው፣ ቀጥ ብሎ ደግሞ አይሄድም። ኪራዩም በሰዓት የሚቆጠር፣ በዶላር የሚከፈል ነው። በሐምሌ 2016 የምንዛሪው አሠራር ከተለወጠ ወዲህ ዶላር ከእጥፍ በላይ መውጣቱን ላንቺ አልነግርሽም።

አለቃሽን «እሺ» ወይም «እንቢ» ከማለትሽ በፊት አንድ ነገር አድርጊልኝ። አሥር ቀን ያህል ደብተር ያዢ። መብራት ስንት ሰዓት ጠፋ፣ ስንት ሰዓት መጣ፤ ኔትወርክ መቼ ሄደ፤ ይህን ጻፊ። ጠዋት አንዴ፣ ከሰዓት አንዴ፣ ማታ አንዴ ደግሞ የቢሮውን ኮምፒውተር ፒንግ አድርጊና (መልእክት ሄዶ የሚመለስበትን ጊዜ መለኪያ ነው) ቁጥሩን መዝግቢ። 50 ሚሊሰከንድ አካባቢ ከሆነ በሪሞት መሳል ይቻላል፣ ትንሽ ትላመጂዋለሽ። ከ150 ካለፈ እኔ የነገርኩሽ የግድግዳ ትግል ነው። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ አንዴ 40፣ አንዴ 400 እያለ የሚዘል መስመር ነው፤ እጅሽ በየትኛው ፍጥነት እንደሚሄድ ግራ ይገባዋል። ቤትሽ የፋይበር መስመር ካለሽ የተሻለ ቁጥር ታያለሽ ብዬ እጠብቃለሁ፤ ያለሽ የሲም ዳታ ብቻ ከሆነ ግን ብዙ ተስፋ አታድርጊ።

የሲም ዳታ ካልን ዘንድ ሒሳቡን እንሥራ። ጥርት ያለ ስክሪን ሞዴል በምታዞሪበት ጊዜ በሰከንድ 5 ሜጋቢት ይበላል እንበል። በሰዓት 2.25 ጂቢ ነው። ስክሪኑ ቆሞ ስታነቢ ይቀንሳል፤ ነገር ግን አርክቴክት ስክሪኑን አቁሞ አይውልም። በቀን 6 ሰዓት ከሠራሽ 13 ጂቢ ተኩል፣ በወር 24 ቀን ብትገቢ 324 ጂቢ። ይህን ቁጥር ለአለቃሽ አሳዪያቸው። ሪሞቱ «ነፃ» የሚመስላቸው ፓኬጁን የምትገዢው አንቺ ስለሆንሽ ነው።

አሁን ወደ መብራቱ ልምጣ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና። «የጌም ላፕቶፕ ባትሪ አለው፣ መብራት ቢጠፋም እሠራለሁ» ይባላል። አትሠሪም። የላፕቶፕ ባትሪ ከ100 ዋት-ሰዓት አያልፍም ማለት ይቻላል፤ ከዚያ በላይ የሆነውን አውሮፕላን ላይ ይዞ መግባት ስለሚያስቸግር ፋብሪካዎቹ እዚያው ይቆማሉ። 90 ዋት-ሰዓት ባትሪ ያለው ላፕቶፕ በሙሉ ጉልበቱ 120 ዋት እየበላ ከሄደ 45 ደቂቃ ነው ዕድሜው። በዚያ ላይ ቻርጀሩ ሲነቀል አብዛኞቹ ጉልበታቸውን ራሳቸው ይቀንሳሉ፤ ያን ሁሉ ብር የከፈልሽበት ግራፊክስ ካርድ ያኔ ተኝቷል።

በተቃራኒው ያንቺ አሮጌ ላፕቶፕ ለሪሞት ስትጠቀሚበት 12 ዋት ያህል ቢበላ፣ ጤነኛ 60 ዋት-ሰዓት ባትሪ 5 ሰዓት ያቆየዋል። «እንግዲያው ሪሞት ይሻላል» እንዳትዪኝ። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፕሽ ቢኖርም ራውተሩ አብሮ ይጠፋል። ለራውተር የሚሆን አነስተኛ ዩፒኤስ (መጠባበቂያ ባትሪ) አለ፤ ባለ 12 ቮልት፣ ከመጽሐፍ ብዙ የማይበልጥ፤ ከሁሉም በፊት እሱን ግዢ። የስልክ ዳታ ብትጠቀሚ ደግሞ፣ የሰፈሩ መብራት ረጅም ሰዓት ሲጠፋ የአንቴናው ባትሪም ይደክማል። በ2015 ክረምት በክልላችን የስልክ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ስንቆይ፣ ሥራቸው ሙሉ በሙሉ በመስመር ላይ የነበረ ልጆች እንዴት እንደሆኑ አንቺም ታስታውሻለሽ። ፋይሉ በእጁ የነበረ ሰው ቢያንስ መሳሉን አላቆመም፤ በፍላሽ ጭኖም ቢሆን ይልክ ነበር።

ስለዚህ እሺ፣ ላፕቶፕ። ምን ዓይነት?

ሬቪት ሕንፃ ለመሥራት ብዙ ሰው እንደሚያስበው የግራፊክስ ካርድ ርሃብተኛ አይደለም። የሚፈልገው ፈጣን ፕሮሰሰርና ሰፊ ራም ነው። አብዛኛውን ሥራውን በአንድ ኮር (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ካሉት አስሊዎች በአንዱ) ስለሚሠራ የኮሮቹ ብዛት ሳይሆን የእያንዳንዱ ፍጥነት ነው የሚጠቅምሽ። ራሙ ዝቅተኛው 16 ጂቢ፣ ላንቺ ግን 32 ይሁን። ግራፊክስ ካርዱ መካከለኛ ቢሆን ይበቃል፤ ሉሚዮንን ለቢሮው ትተንለታል አላልኩም? ዋጋ አልጽፍልሽም፤ ይህ ዓምድ ታትሞ እስኪደርስሽ ይለወጣል። ነገር ግን ውዱን ግራፊክስ ካርድ ስትተዪ የብድሩ ትልቁ ክፍል አብሮ ይወርዳል፤ 18 ወሩን ወደ 9 ወይም 10 ወር እንዲያወርዱልሽ ጠይቂ።

ሱቅ ስትገቢ ከእኔ ስሕተት ተማሪ። ከዓመታት በፊት ከአንድ ሱቅ «አይ7 ነው፣ ምንም አይሳነውም» ተብዬ ገዛሁ። ቤት አምጥቼ ሞዴል ስከፍት ከድሮው አይ5 ዴስክቶፔ ባሰ። ቆይቼ ነው የገባኝ፦ ከቁጥሩ ጀርባ ያለችውን ፊደል አላየኋትም። መጨረሻው «ዩ» የሆነ ፕሮሰሰር ባትሪ ለመቆጠብ የተሠራ፣ በ15 ዋት አካባቢ የሚሄድ ነው፤ «ኤች» የሆነው 45 ዋት አካባቢ ይሄዳል። ሁለቱም አይ7 ይባላሉ። በግራፊክስ ካርድም እንደዚሁ ነው፦ አንዱ አርቲኤክስ 3060 ላፕቶፕ ውስጥ 60 ዋት፣ ሌላው ውስጥ 115 ዋት ተሰጥቶት ይሠራል፤ ስማቸው ግን አንድ ነው። ሻጩ አልዋሸኝም፤ እኔ አልጠየቅሁትም።

ያገለገለ ቢሆን አትፍሪ። ከውጭ ቢሮዎች የሚወጡት ዴል ፕሪሲዥን፣ ኤችፒ ዜድቡክና ሌኖቮ ቲንክፓድ ፒ የሚባሉት ለእንዲህ ዓይነት ሥራ የተሠሩ ናቸው፤ ውበት የላቸውም፣ ይከብዳሉ፣ ግን ይከፈታሉ። ራም መጨመሪያ ቦታ እንዳለው ጀርባውን ከፍተው ያሳዩሽ፤ አንዳንድ ቀጫጭን ላፕቶፖች ላይ ራሙ ቦርዱ ላይ ስለሚበየድ ዕድሜ ልክሽን ከ8 ጂቢ ጋር ትኖሪያለሽ። ባትሪው አዲስ ሳለ ስንት እንደነበረና አሁን ስንት እንደቀረው ዊንዶውስ ራሱ ሪፖርት ያወጣል፤ እሱን አስወጪያቸው። ከዚያ ከባድ ፋይል ከፍተሽ ሩብ ሰዓት እዚያው ሱቅ ውስጥ አሠሪው። ፋኑ ሲጮህና መያዣው ሲግል ፍጥነቱ ከወረደ አትግዢው። ሻጩ ፊቱን ቢያጠቁር ግድ የለም።

አንድ ነገር ግን ያስቆመኛል፤ በደብዳቤሽ ላይ አልነገርሽኝም። አንድን ሕንፃ ለብቻሽ ነው የምትሠሪው ወይስ ከሌሎች ጋር? ሁለት ሦስት ሰው በአንድ ሴንትራል፣ ማለትም የጋራ፣ ፋይል ላይ የሚሠራ ከሆነና ፋይሉ ቢሮ ሰርቨር ላይ ካለ፣ ከባሕር ዳር ሆነሽ በራስሽ ላፕቶፕ እሱን መክፈት አይሆንም፤ ሲንክ በተደረገ ቁጥር (ያንቺ ለውጥ ከጋራው ፋይል ጋር ሲዋሐድ) ትሰቃያለሽ፣ ፋይሉም ሊበላሽ ይችላል። ድርጅቱ የሬቪትን የክላውድ አሠራር ካልከፈለ በስተቀር፣ ለእንደዚህ ዓይነቱ ፕሮጀክት ሪሞቱ ነው መፍትሔው። መስመርሽ ቢዘገይም እዚያ ያለው ማሽን ከሰርቨሩ ጋር ጎን ለጎን ነው። እንዲህ ከሆነ የጋራውን ፕሮጀክት ፒንግሽ ጥሩ በሆነበት ሰዓት በሪሞት፣ ያንቺ ብቻ የሆነውን በላፕቶፕሽ ሥሪ። ሥራሽ ሁሉ የጋራ ከሆነ ደግሞ ምክሬ ይገለበጣል፦ ላፕቶፑን ተዪውና ድርጅቱ ቤትሽ ድረስ ፋይበር ያስገባልሽ፣ ወርሃዊውንም ይክፈል።

ላፕቶፕ ስትገዢ ቢሮው የሚጠቀመው ሬቪት የስንት ዓመት እንደሆነ ጠይቂና ያንኑ ጫኚ። በሬቪት 2025 የተቀመጠ ፋይል በሬቪት 2024 አይከፈትም፤ ወደ ኋላ መመለሻ የለውም። ፈቃዱንም ድርጅቱ ይክፈል። የተማሪው ነፃ ፈቃድ ለሚከፈልበት ሥራ አይሆንም፤ ክራክ (ያለ ፈቃድ የተከፈተ ቅጂ) ደግሞ ለመጫን «አንቲቫይረሱን አጥፉ» የሚል ነገር ነው፣ በዚያው ማሽን ቢሮ ድረስ በሪሞት ልትገቢ ነው። የሚመጣውን አንቺ አስቢው። ከድርጅቱ ብትለቂ ቀሪው ዕዳ ምን እንደሚሆን፣ ላፕቶፑም የማን እንደሆነ ወረቀት ላይ ይስፈር። አለቃሽ ጥሩ ሰው ቢሆኑም ይስፈር።

አሮጌውን አትሽጪው። ክፍት ቦታ ካለው 8 ጂቢ ራም ጨምሪበትና ለአውቶካድ ዲቴይልና ለሪሞት መግቢያ ይሁንሽ። አዲሱ ጥገና ቢገባ እሱ ያቆይሻል።

ስለ ቢሮው ዴስክቶፕ ሦስት ነገር አለቃሽን አስቸግሪ። ዊንዶውሱ ሆም የሚባለው ዓይነት ከሆነ በዊንዶውስ በራሱ ሪሞት ዴስክቶፕ አይገባበትም፣ ፕሮ ያስፈልጋል፤ ወይም ሌላ የሪሞት ፕሮግራም፣ ኤኒዴስክ ወይም ፓርሴክ፣ ይጫንበት። ለ3ዲ ሥራ እኔ ፓርሴክን እመርጣለሁ፤ ስክሪኑን በግራፊክስ ካርዱ እየቀረጸ ስለሚልክ ሞዴል ስታዞሪ ይሻላል። የይለፍ ቃሉ ረጅም ይሁን፤ የሪሞት ዴስክቶፑንም በር ለኢንተርኔት በቀጥታ እንዳይከፍቱት። ከዚያ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የኮምፒውተሩ ቅንብር) ውስጥ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ኮምፒውተሩ ራሱ እንዲነሳ የሚያደርግ ቅንብር አለ፤ እሱን ያብሩት። አዲስ አበባም መብራት ይጠፋል፤ ይህ ካልተደረገ እሑድ ጠዋት አንቺ አባይ ማዶ ተቀምጠሽ፣ ማሽኑ ጠፍቶ፣ ቁልፉን የሚነካልሽ ሰው ፍለጋ ስትደውዪ ትውያለሽ።

ይህ ሁሉ ሆኖ እኔ ሬንደሬን ያጣሁት በሌላ ነገር ነው። ማታ አዝዤ ተኛሁ፤ ጠዋት ስገባ መስመሩ የለም። ኔትወርኩን ስወቅስ አረፈድኩ። ለካ የቢሮዬ ጽዳት ሠራተኛ እመቤት ወለሉን ለመወልወል ዲቫይደሩን ነቅለውት ነበር። እሳቸው ምን ያድርጉ፣ ማን ነገራቸው? አሁን ሶኬቱ ላይ በትልቁ «ማታም አይነቀል» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ላንቺም ቢሮ ያለ አንድ ሰው እንዲለጥፍልሽ ለምኚ፤ በፕላስተር ሳይሆን በስኮች ይሁን፣ ፕላስተሩ ይወድቃል።